የማይሞቅ መኪና

ባለቤቴ መኪናውን የገዛው እኔን ከማግባቱ በፊት ነው። አሜሪካ ሠራሽ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ አፍንጫው የረዘመ ጥቁር ሰማያዊ መኪና ነበር። የሸጠለት ከአዳማ ወጣ ብሎ እርሻ የነበረው አንድ ፈረንጅ ነው። ከለውጡ በፊት ባለቤቴ በዚህ መኪና ይወዳደር ነበር። ከደራ ወደ አሰላ በሚያወጣው ዳገት አሸንፎ ያገኘው ዋንጫ ሳሎናችን ውስጥ ሬዲዮኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ያኔ አላውቀውም። ስንጋባ ውድድሩ ቀርቶ ነበር። የቀበሌያችን ካድሬ በስብሰባ ላይ የመኪና ውድድር የቡርዧ ጨዋታ ነው ሲል ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ይስቅ ነበር።

ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ጋራዥ ነበረችው። እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። አንዲት ሴት ልጅ ነበረችን፤ አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ከአባቷ ጋር ጋራዥ ውላ ስትመጣ እጇ ላይ የተለጠፈውን ግራሶ በሳሙና ማስለቀቅ የኔ ሥራ ነበር። ማስለቀቁን ግን አትወደውም። አባቷም እጁን ሳይታጠብ ለምን እንደሚበላ ትጠይቀኝ ነበር።

ያ መኪና ማርሽ የሚቀይረው በራሱ ነው፤ ፍሪሲዮን የለውም። በፍሪሲዮን ፈንታ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ኮንቨርተር የሚሉት፣ ድፎ ዳቦ የሚያክል፣ ዘይት የሞላበት ክብ ብረት አለ። ባለቤቴ ለውድድር ብሎ ከፋብሪካ የመጣውን አውጥቶ ሌላ፣ አነስ ያለ አስገብቶበት ነበር። ይኼኛው ሞተሩ በደንብ እስኪጮህ ድረስ ጉልበት አያስተላልፍም፤ ከጮኸ በኋላ ግን መኪናው እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወረወራል። ጠንቁ ቀስ ብለው ሲነዱት ነው። ውስጡ ያለው ዘይት ሥራ ሳይሠራ በከንቱ እየተናጠ ይሞቃል። ይህን ሁሉ የተማርኩት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው መኪናው ሲነሳ ወንበሩ ጀርባዬን እንደሚገፋኝ፣ ልጄም በሳቅ እንደምትፈርስ ብቻ ነበር።

ለእንቁጣጣሽ ዝዋይ እናቴ ዘንድ ሄድን። ከበዓሉ በኋላ ልጄ ሰውነቷ ጋለ። በዚያ አገር፣ በዚያ ወር፣ ወባ ነው ለማለት ሐኪም አያስፈልግም። ክሊኒክ ወሰድናት፤ ኪኒን ሰጡን። በነጋታው ጠዋት ግን የበላችው ሁሉ ተመልሶ ወጣ፣ ዓይኗም ወደ ላይ መሄድ ጀመረ። የክሊኒኩ ድሬሰር የዓይኗን ቆብ ገልጦ አየና፣ «እዚህ አታቆይዋት። አዳማ ሆስፒታል አድርሷት» አለን።

ባለቤቴ ፊቱ ፈካ። በልጁ መታመም አይደለም፤ እሱ ሊሠራው የሚችለው ነገር በመገኘቱ ነው። «አይዞሽ» አለኝ። «ከዚህ አዳማ ለዚህ መኪና ምንም ማለት አይደለም።» ልጄን በነጠላ ጠቅልዬ ከኋላ ወንበር ገባሁ። እናቴ በመስኮት ውሃ በጠርሙስ አቀበለችኝ።

መቂ ሳንደርስ ከወታደር መኪኖች ኋላ ገባን። መሣሪያና ሰው የጫኑ ካሚዮኖች ናቸው፤ ጫፋቸው አይታይም። እነሱን ማለፍ ክልክል ነበር። የመጨረሻው ካሚዮን ላይ የተቀመጠው ወታደር፣ ባለቤቴ ወጣ ለማለት በሞከረ ቁጥር፣ በእጁ ተመለስ ይለዋል። ባለቤቴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ልጅ ታማብኝ ነው» ብሎ ጮኸ። ወታደሩ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠና እንደገና ተመለስ አለው። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም ሳንፈጥን ስንከተል ቆየን። ባለቤቴ ከንፈሩን እየነከሰ ደጋግሞ ወደ መኪናው ወለል ያይ ነበር። ያኔ ምን እንደሚያይ አልገባኝም። ለካ ሽታው ከእኔ ቀድሞ ደርሶት ነበር።

መቂን ካለፍን በኋላ ወታደሮቹ ዳር ይዘው ቆሙ። ባለቤቴ ነዳጁን ረገጠ። ሞተሩ ጮኸ፤ ወንበሩ ግን ጀርባዬን አልገፋኝም። የተቃጠለ ዘይት ሽታ መኪናውን ሞላው። ትንሽ ሄድን፣ ትንሽ ቀስ አልን። ዓለም ጤና ልንደርስ ስንል ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ልጄ ዓይኗን ገለጠች። «እማዬ፣ መኪናውም አተኮሰው?» አለችኝ።

«አዎ፣ የኔ እናት። አሁን ይሻለዋል» አልኳት።

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ቃል በደንብ አልሰማሁትም።

ባለቤቴ ከመኪናው ሥር ገብቶ ወጣ። እጁ ላይ የነካው ዘይት ጥቁር ነበር። «እስኪበርድ ነው» አለኝ፤ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብዬ አልጠየቅሁትም። ሽንኩርት የጫነ ካሚዮን ሳንለምነው ቆመልን። ሾፌሩ ልጄን ዓይቶ ረዳቱን ወደ ጭነቱ ላይ ሰደደውና «ግቢ፣ እህቴ» አለኝ። ባለቤቴም ሽንኩርቱ ላይ ወጣ። የመኪናውን በር እንኳ አልዘጋም።

ሆስፒታል ደርሰን አልጋ ሰጧት፣ መርፌ ወጓት፣ ግሉኮስ ሰቀሉላት። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች። ሐኪሙ ወጣት ነበር። መነጽሩን እየጠረገ፣ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጧት ጥሩ ነበር» አለን። ለባለቤቴ ከዚያ በኋላ የተነገረው ነገር ሁሉ ጆሮው አልገባም። የዕድሩ ድንኳን፣ እናቴ ከዝዋይ እየጮኸች መምጣቷ፣ ተማሪዎቼ ተሰልፈው መቆማቸው፣ ሁሉም በላዩ ላይ አለፈ። ሰው ሲያጽናናው ጨዋ ነበር፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ዓይኑ ግን ዓለም ጤና መንገድ ላይ ነበር።

ከሠልስቱ በኋላ መኪናውን አስጎትቶ አመጣው። ካምቢዮውን አውርዶ ፈታው። ጋራዡ ስሄድ የከሰሉ ስስ ክብ ነገሮች ጋዜጣ ላይ ተደርድረው አገኘሁ።

«ይኼውልሽ» አለኝ። «ሙቀቱ እነዚህን በላቸው። ለውድድር ያስገባሁት ኮንቨርተር ነው ያሞቀው። ዘይቱን የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ቱቦ ብቻ ነው። ራዲያተሩ ራሱ እየፈላ ምን ያቀዘቅዛል?»

«ወታደሮቹ ናቸው ያቆሙን» አልኩት።

«ደህና መኪና ቢሆን ቀስ ብሎ መሄድ አይጎዳውም ነበር።»

ሆስፒታሉ ውስጥ የምትሠራ ነርስ ጎረቤት ነበረችን። ሐኪሙ ያለንን ስነግራት እጄን ያዘችና «ያን ለሁሉም ነው የሚለው» አለችኝ። «ልጅሽ ስትገባ ወባው አንጎሏ ላይ ወጥቶ ነበር። እዚያው ሆስፒታሉ በር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ልጆችም እንደዚያ ሆነው ያልዳኑ አሉ።» ለባለቤቴ እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኩት። ተናግሬ እስክጨርስ ጠበቀኝና፣ «ለሌላው እንዲያው ይለዋል። ለእኔ ግን እውነት ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ይኼ ሆነ። ለውድድር የተሠራውን ኮንቨርተር አውጥቶ የሚተካውን መፈለግ ጀመረ። የዱሮውን፣ ከፋብሪካ የመጣውን፣ ቀደም ብሎ ለሌላ ሰው ሰጥቶት ነበር። ሶማሌ ተራ ሄዶ አጣ። ሞጆ ሄደ፣ መተሐራ ሄደ። የመንግሥት እርሻ ጋራዦችን በወዳጅ በኩል አስጠየቀ። አሜሪካኖች ከሄዱ በኋላ የእነሱ መኪና ዕቃ እንደ ውሃ አይቀዳም። እኔ ክፍል ውስጥ ስቆም ፊደል የሚጽፉ ትንንሽ እጆችን ላለማየት ወደ ሰሌዳው ዞሬ ብዙ እጽፍ ነበር። ቤት ስገባ እሱ የለም። ቤት ሲኖርም ወረቀት ላይ ቱቦ ይስላል።

አንድ ቀን ሻሸመኔ እንዳለ ሰማ። «አብረን እንሂድ» አለኝ። ከቀብሩ ወዲህ አብረን የትም ሄደን አናውቅም። በአውቶቡስ ሄድን። ዓለም ጤናን ስናልፍ እሱ ጫማውን ያይ ነበር፣ እኔ የፊተኛውን ሴትዮ ሻሽ።

ግቢው የወላለቁ መኪኖች የሞሉበት ነው። የግቢው ባለቤት ጥምጣም የጠመጠሙ ሽማግሌ ናቸው። «አከም ጅርቱ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉን፤ «ፈያ» አልናቸው። ከዚያ በአማርኛ ቀጠልን። ሽማግሌው ከአንድ ጥላ ሥር ሁለት ኮንቨርተር አስወጡ። አንደኛው ባለቤቴ ለውድድር ካስገባው ትንሽ ሰፋ ይላል፤ ሁለተኛው ከዕቃ መጫኛ መኪና የወጣ ሰፊና ከባድ ነው።

«ለውድድር ነው ለቤት?» አሉ ሽማግሌው።

ባለቤቴ ወደ ኮንቨርተሮቹ ጎንበስ አለ። እኔ «ለቤት ነው፣ አባ» አልኳቸው።

«እንግዲያማ ይኼ ትልቁ ነው። ይኼ የሽማግሌ ነው። ቶሎ ይይዛል፣ ዘይቱን አያንገላታም። ግን ስትነሱ አያስደስታችሁም። ይኼኛው መሃል ቤት ነው። ያስደስታል፣ ትንሽ ይሞቃል።»

ባለቤቴ ሁለቱንም እያነሳ አገላበጠ። አፋቸውን በጣቱ ዳሰሰ፣ ጆሮው አጠገብ አድርጎ አወዛወዘ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «አንቺ ምረጪ» አለኝ።

«የሽማግሌውን» አልኩት።

ሳቀ። ከመስከረም ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም። ሽማግሌውም አብረውት ሳቁና ኮንቨርተሩን በጆንያ አሰሩልን።

ስንመለስ ዝዋይ ወረድን፤ ወደ እናቴ ግን አልሄድንም። ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሰው በሚሸጡበት ቦታ ተቀመጥን። ጆንያውን እግሩ መሃል አድርጎ በጉልበቱ ያዘው። ሎሚ እየጨመቀልኝ ነበር፤ ድንገት፣ «ዓሣ ስትበላ እሾህ የምታወጣበት ነገርስ?» አለኝ። ልጃችን እሾህ ባገኘች ቁጥር እኛ ሁላችን እስክናይላት ድረስ መብላቷን አትቀጥልም ነበር። ተራ በተራ የምታደርጋቸውን ነገሮች አነሳን። ሰው እስኪያየን ድረስ አለቀስን። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ ብቻዬን ያዘንኩ ይመስለኝ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ትከሻው ላይ ተኝቼ አዳማ ገባሁ። የዳንን መስሎኝ ነበር።

ኮንቨርተሩ ገባ። ቀጥሎ የዘይት ማቀዝቀዣ ተፈለገ። አዳማ ውስጥ ራዲያተር የሚበይድ ሰው ከትንሽ መኪና የወጣ፣ ሁለት የእጅ መዳፍ የሚያህል ማቀዝቀዣ አሳየው። «ለዚህ መኪና ይህ ይበቃዋል» አለው። ባለቤቴ ግን ጥግ ላይ የተጣለ፣ ከተሳቢ መኪና የወጣ ሰፊ ማቀዝቀዣ ዓይቶ ነበር።

«እሱ ለከባድ መኪና ነው። ፊቱ ላይ አይገባም።»

«ይገባል።»

ለማስገባት የመኪናውን ፊት ቆረጠው። የሚያብረቀርቀውን፣ እሑድ እሑድ ልጁን አዝሎ ይወለውለው የነበረውን ፊት በመጋዝ ቆረጠው። መጋዙን ሲያንቀሳቅስ ዓይኑ ውስጥ ምንም አልነበረም። ያኔ ገባኝ፤ ያንን መኪና ከእንግዲህ አይወደውም። የሚሠራውም ለመውደድ አይደለም። ከፊቱ የራሱ ማራገቢያ ያለው ትልቅ ማቀዝቀዣ ገጠመበት፣ ከካምቢዮው የመዳብ ቱቦ ጎተተለት፣ ከመሪው አጠገብ የዘይቱን ሙቀት የሚያሳይ ሰዓት ሰቀለ። መኪናው ጥርሱ የወለቀ መሰለ። ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩት ይስቁበት ነበር።

እንቁጣጣሽ ዞሮ መጣ። ከበዓሉ በፊት ጀምሮ የቤንዚን ኩፖን ሲያጠራቅም ዓይቼው ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። በዓሉ እንዳለፈ፣ «ዝዋይ ድረስ ደርሰን እንምጣ» አለኝ። በጠዋት ሄድን። እናቴ ቤት ሻይ ጠጣን። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ተነሳ። ወደ ፊተኛው በር ስሄድ እጁን በሩ ላይ አደረገ።

«ከኋላ ተቀመጪልኝ» አለኝ።

እናቴ ደረቷን በእጇ ያዘች። እኔ አልተከራከርኩትም። ከኋላ፣ ያኔ የነበርኩበት ገባሁ። እጄን የማደርግበት ጠፋኝና ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

መቂ ሳንደርስ ከአንድ እህል የጫነ ካሚዮን ኋላ ገባ። መንገዱ ባዶ ነበር፤ ማለፍ ይችል ነበር። አላለፈም። በእግር እንደሚሄድ ሰው እየተከተለ ሄደ። የካሚዮኑ ረዳት እለፉ እያለ በእጁ ይጠራናል፤ ባለቤቴ ራሱን ይነቀንቃል። ላቡ ከአንገቱ ወደ ሸሚዙ ሲወርድ ከኋላ አየው ነበር። ዓይኑን ከሰዓቱ ላይ አያነሳም። መርፌው አልተነቃነቀም። ሽታም አልነበረም። መቂን አልፈን ነዳጁን ሲረግጥ መኪናው ያለ ጩኸት፣ ሽማግሌው እንዳሉት ያለ ደስታ ሄደ። ዓለም ጤና ያ ቦታ ሲደርስ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ሽንኩርት የሚያጠጡ ሰዎች ቀና ብለው ዓዩን። ቆቃን አለፍን፣ ሞጆን አለፍን። አዳማ ገባን። ወደ ቤት ይታጠፋል ስል ቀጥ ብሎ ሄዶ ሆስፒታሉ በር ላይ አቆመ።

ሞተሩን አላጠፋም። መርፌው ያው ቦታው ነው። ሁለት እጁ መሪው ላይ እንዳለ ቀረ።

ዘበኛው መጥቶ በመስኮቱ ጎንበስ አለ። «በሽተኛ ይዛችኋል?» ሲል ጠየቀ።

ባለቤቴ ዓይኑን ከመርፌው ላይ አላነሳም። ዘበኛው ወደ ኋላ ወንበር፣ ወደኔ አየ።

«የለም» አልኩት። «በሽተኛ አልያዝንም።»

«እንግዲያ በሩን አትዝጉብኝ» አለ ዘበኛው። ክፋት የለበትም፤ ሥራው ነው።

ባለቤቴ መኪናውን ወደ ኋላ መለሰና ቤት ወሰደን። ግቢ አስገብቶ በሸራ ሸፈነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልነዳውም። እኔ መኪናው ሲያልቅ ሐዘኑ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። እሱም እንደዚያ መስሎት ሳይሆን አይቀርም። መኪናው በደህና ከደረሰ በኋላ ግን የሚጠገን ነገር ጠፋ። ጋራዡ ሄዶ ሥራ ሳይነካ የሚመለስበት ቀን በዛ። ቆይቶ ከአሰላ የመጣ ሰው ለሠርግ ማከራያ ፈልጎ መኪናውን ገዛው። ከግቢ ሲወጣ ባለቤቴ ጓሮ ነበር።

በኋላ ጋራዡን ለወንድሙ ተወና የአሰብ መንገድ ላይ ተሳቢ መንዳት ጀመረ። በመጀመሪያ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር፤ ቴምር፣ ሳሙና፣ ለእናቴ ጨርቅ ይዞ። ቀስ በቀስ ምልልሱ ራቀ። ሲመጣም እንግዳ ነው፤ የት ልቀመጥ የሚል ይመስላል። ሌላ ልጅ እንውለድ ብዬው አውቃለሁ። «እንደ ፈቀድሽ» አለኝ። እንደ ፈቀድሽ ተብሎ የሚወለድ ልጅ አልፈለግሁም።

ሁለታችንም ለመለያየት ያሰብነው በአንድ ሰሞን ነው፤ ማን መጀመሪያ እንዳነሳው አላስታውስም። ሽማግሌዎች ተቀመጡ።

«ይጠጣል?» አሉኝ።

«አይጠጣም።»

«እጁን አንስቶብሻል?»

«አንስቶ አያውቅም።»

«ሌላ ሴት ይዟል?»

«ይዞ እንደሆነ አላውቅም። ቢይዝም በእሷ ምክንያት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው ያጣላችሁ?»

«አልተጣላንም» አልኳቸው። እሱን ሲጠይቁት «እሷ አንድም ጥፋት የለባትም» ብሎ አቀረቀረ። ሽማግሌዎቹ ተቸገሩ። አንደኛው ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከመጣላት ይብሳል አለ።

ንብረት ስንካፈል አልተቸገርንም። የተቸገርነው በአንድ ነገር ነው። የልጃችን ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነበር፤ በአባቷ ጋራዥ በር ላይ ቆማ፣ ሁለት እጇን ወደ ኋላ ደብቃ የተነሳችው። እሱ «አንቺ ያዢው» አለ። እኔ «አንተ ያዘው» አልኩ። በመጨረሻ እንዲባዛ ብለን ፎቶ ቤት አብረን ሄድን። በመንገድ የሚያውቁን ሰዎች ቆመው ሰላም አሉን። ታርቀዋል ብለው ሳያስቡ አልቀሩም።

ፎቶ አንሺው ለከተማው አዲስ ነው፤ አያውቀንም። ፎቶውን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየው።

«ልጃችሁ ናት?»

«አዎ» አልኩት።

«ፎቶው ቆየት ብሏል። አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች ማለት ነው።»

ባለቤቴ ቀደመኝ። «አዎ» አለ። «ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ናት።»

ዞሬ አየሁት። ፊቱ ላይ ውሸት አልነበረም። አስተማሪ ነኝና በየዓመቱ መስከረም ላይ ተማሪዎች ሲመዘገቡ ልጄ የትኛው ክፍል ትገባ እንደነበር በልቤ አሰላ ነበር። ልክ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ትሆን ነበር። እሱም አሰብ መንገድ ላይ፣ በዚያ ሁሉ በረሃ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያሳልፋት ኖሯል።

«ጎበዝ ናት?» አለ ፎቶ አንሺው ደረሰኝ እየጻፈ።

«ሒሳብ ላይ ትንሽ ትደክማለች» አልኩት እኔ። «ሌላው ደህና ነው።»

በቀጠሮው ቀን ሄደን ወሰድን። እሱ የተባዛውን መረጠ፣ ዋናውን ለእኔ ተወልኝ። ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ኪሱን በቁልፉ ዘጋው። በሩ ላይ ትንሽ ቆምን። ተሳቢዎቹ ከሚቆሙበት በኩል ጥሩምባ ይሰማል፤ እኔም ከሰዓት በኋላ ክፍል አለኝ።

«በይ እንግዲህ» አለኝ።

«ደህና ግባ» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።